ጦጣ አንገት ላይ የዋለ ስለት

ታንጉት ጦጣ ትጠላለች። ይህን የማያውቅ የቂርቆስ ሰው የለም። የምትጠላው ጦጣ ብቻ አይደለም። ባሕር ዛፍ ትጠላለች። ምክር ትጠላለች። «እንዴት ከረምሽ» እያለ ዓይኑን ወደ ማሳዋ የሚልክ ዘመድ ትጠላለች። ጦጣ ግን ከሁሉም ይቀድማል።

ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት ነው። ባሏ እጅጉ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ቤቷ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት፣ ማንኩሳ ሳይደርሱ ወደ ግራ ታጥፎ አንድ ሰዓት በእግር ያስኬዳል። መንደሩ በደብሩ ስም ቂርቆስ ይባላል። ደብሩን ጥቅጥቅ ያለ የጽድ፣ የወይራና የዋንዛ ደን ከቦታል። ከደኑ ጫፍ እስከ ታንጉት በቆሎ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም።

በዚያ ደን ውስጥ አርባ የሚሆኑ ጦጣዎች ይኖራሉ። ማንም አይገድላቸውም። በደብር ደን የበቀለ ዛፍ አይቆረጥም፤ በደብር ደን የሚኖር እንስሳ ደሙ አይፈስም። የታቦቱ ነው። ማሳ ውስጥ የገባ ጦጣ በወንጭፍ ይባረራል፤ የደኑን አፈር ከረገጠ ግን ወንጭፉ ይታጠፋል። ጦጣዎቹም ሕጉን ያውቃሉ። እሸቱን ታቅፈው ይሮጡና መጀመሪያው ጽድ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ይቀመጣሉ። እዚያው፣ ፊት ለፊቷ፣ ይልጡትና ይበላሉ።

ድሮ ችግሩ ይህን ያህል አልነበረም። የደኑን ዳር የያዙት ሰባት አባወራዎች ሁሉም በቆሎ ይዘሩ ነበር። ከነሐሴ እስከ ኅዳር በወረፋ ይጠብቃሉ፤ ዛሬ የአንዱ ቀን፣ ነገ የሌላው። ከአንዱ ማማ የተባረረ ጦጣ ሌላው ማማ ሥር ድንጋይ ይጠብቀዋል። ከዚያ አንዱ ባሕር ዛፍ ተከለ። ባሕር ዛፍ ጦጣ አይበላውም፤ ጥበቃ አይፈልግም። ሰውየው ከወረፋ ወጣ። ሁለተኛው ተከተለ። በአምስት ዓመት ውስጥ ስድስቱም ባሕር ዛፍ ሆኑ። ታንጉት ብቻዋን በቆሎ ይዛ ቀረች። ለሰባት ይካፈል የነበረ ጦጣ ለአንድ ሰው ሆነ።

መጀመሪያ ባሕር ዛፍ የተከለው ገደፋው ነው፤ የእጅጉ ታላቅ ወንድም፣ የታንጉት ዋርሳ። ዛፎቹ ከማሳዋ ድንበር ላይ ተደርድረዋል። ከሰዓት በኋላ ጥላቸው እስከ ሦስተኛው መስመር ይደርሳል፤ እዚያ ያለው በቆሎ ከጉልበት አያልፍም።

ሁለት ዓመት ተከታትሎ ጦጣ በላባት። ከሁለቱ ዓመታት ሁለተኛው ላይ፣ ገና በሰኔ፣ ለቂርቆስ ስለት ገብታ ነበር። «ጎታዬን ሙላልኝ፣ ቃጭል አገባልሃለሁ» አለች። እምነቷ ጥድፊያ ያለበት ስለነበር ቃጭሉን አስቀድማ ገዛችው። ፍኖተ ሰላም ወርዳ፣ ለአብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ፣ ዲያቆናቱ በቅዳሴ የሚያሰሙትን ዓይነት ነሐስ መርጣ አመጣች። ኅዳር ሲደርስ ጎታው ከወገቡ በታች ነበር። ቃጭሉ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ቀረ።

«አልሰጠኝም፤ አልሰጥም» አለች ለጠየቃት ሁሉ።

በተከታዩ ሐምሌ ልጇ ባምላኩ ከከተማ መጣ። ባምላኩ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባጃጅ ይጠግናል፤ ሁለት ክፍል ቤት አለው። ብቻውን አልመጣም። አጎቱን ገደፋውንና የነፍስ አባቷን አባ ወልደ ዮሐንስን አስከትሎ ነበር። ታንጉት ሦስቱን በር ላይ ስታይ ነገሩ ገባት።

«ሽማግሌ ነው ወይስ ቀባሪ?» አለች።

«ግቡ አትይም እንዴ?» አለ ገደፋው።

«በሩ ክፍት ነው፣ አያ ገደፋው። እርስዎን በር አግዶዎት ያውቃል?»

ገቡ። ባምላኩ ጀመረ። መሬቱን አጎቱ ባሕር ዛፍ ቢተክልበት፣ እሷ ከተማ ከእሱና ከሚስቱ ጋር ብትኖር፣ ማማ ላይ በዝናብ ከመበስበስ ብታርፍ ምን ይመስላታል?

አንድ ክረምት እዚያ ቤት ከርማ ታውቃለች። ጎረቤቱ በር ዘግቶ ይበላል። ምራቷ ሜላት ክፉ ሰው አይደለችም፤ «እማማ፣ አይነሱ፣ እኔ አለሁ» ትላለች። ታንጉት ሦስት ወር ሙሉ አልተነሳችም። እንደዚያ ክረምት ሞትን ቅርብ ሆኖ አይታው አታውቅም።

«ታንጉት፣ ሰው ከጦጣ ጋር ተጋፍቶ አይኖርም» አለ ገደፋው።

«ከእርስዎ ጋር ተጋፍቼ ሠላሳ ዓመት ኖሬ የለ?»

አባ ወልደ ዮሐንስ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጠርገው «ነገር አታብዙ» አሉ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ታንጉት ተነስታ ከጓዳ በኩል የቆመውን ጎታ በመዳፏ መታችው። ባዶ ድምፅ ሰጠ።

«ዘንድሮ ይኼ ጎታ አፉ ድረስ ካልሞላ፣ የቤቱን ቁልፍ ለአያ ገደፋው ሰጥቼ እሄዳለሁ። ከሞላ ግን ከዛሬ በኋላ በዚህ ነገር ደጄን የሚረግጥ ሰው እንዳላይ። አባ፣ እርስዎ ምስክር ይሁኑ።»

«አፉ ድረስ» አለ ገደፋው። ቃሏን አንስቶ ኪሱ የከተተ ይመስል ነበር።

«አፉ ድረስ።»

በነሐሴ እሸቱ ወተት ሲይዝ ጦጣዎቹ መጡ።

ታንጉት የምታውቀውን ሁሉ ሞከረች። የባሏን ካፖርት ለእንጨት አልብሳ ማሳው መሐል አቆመች፤ በሁለተኛው ቀን አንዱ ጦጣ የካፖርቱ ትከሻ ላይ ተቀምጦ እሸት ሲግጥ አገኘችው። ውሻ አሰረች፤ ውሻውን ያሰሩት እነሱ ይመስል ሰንሰለቱ የማይደርስበትን ርቀት ለክተው በሉ። ወንጭፍ ቀኝ ትከሻዋን ጣላት። መርዝ አባ በግዝት ከልክለዋል፤ መርዝ የበላ ጦጣ ደኑ ውስጥ ገብቶ ይሞታልና። ጠመንጃ ያለው ጎረቤት አልጠፋም፤ ግን አገሩ በተኩስ በታመሰበት በዘንድሮው ዓመት ጥይት የጮኸበት ቤት ጦጣ ላይ ተኩሼ ነው ቢል ማን ያምነዋል?

ከሁሉም የባሰው ጆሮ ቆራጣው ነበር። ግራ ጆሮው የተቆረጠ፣ ትልቅ ወንድ ጦጣ። እሱ በማሳ አይወሰንም። በመስኮት ገብቶ ከመሶብ ዳቦ ያነሳል። እንቁላል ከዶሮዋ ሥር ያወጣል። አንድ ቀን ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ጨው ሲልስ ደረሰችበት። ሳይቸኩል ወጣ።

መላውን ያገኘችው ማንኩሳ ገበያ ላይ ነው። አስካለ ማርያም ከቡሬ ማዶ እየመጣች በርበሬ የምትሸጥ፣ የአገው ዘር ያላት ሴት ናት። ታንጉት ሚዛኑ ፊት ቆማ ስትራገም ሰማቻት።

«እቴ፣ ጦጣን ሰው አያባርረውም» አለች አስካለ ማርያም። «ጦጣን ጦጣ ነው የሚያባርረው።»

«እንዴት አድርጎ?»

«አባቴ ዝንጀሮ ሲያስቸግረው አንዱን በሕይወቱ ይዞ ቃጭል አሰረበትና ለቀቀው። ወደ ወገኖቹ ሮጠ። እነሱ ደንግጠው ሸሹ። እሱ አትተዉኝ ብሎ ተከተላቸው። እነሱ ባሰባቸው። ሁለት ወንዝ ተሻገሩ።»

«ቃጭል?» አለች ታንጉት።

«ቃጭል። የለሽም እንዴ?»

«አለኝ።»

በማግስቱ ጠዋት በሩን ገርበብ አድርጋ ትታ፣ መሶቡ ላይ ትኩስ ዳቦ አስቀመጠች። መስኮቱን ቸነከረች። በሩ ላይ ገመድ አስራ ከቤቱ ጀርባ ተቀመጠች። ጆሮ ቆራጣው ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ግራ ቀኝ አየ፤ ገባ። ገመዱን ሳበችው።

መዝጋቱ ቀላል ነበር። ከባዱ ገብቶ መያዝ ነው። የባሏን ካፖርት ግራ እጇ ላይ ጠቅልላ፣ በቀኝ ጆንያ ይዛ ገባች። ጦጣው ቋቱ ላይ ወጣ፣ ጎታው ላይ ወጣ፣ ሁለት ገንቦ ሰበረ፣ ግድግዳው ላይ ኩሱን ጣለ። ሁለቱም አፍ አውጥተው ተሰዳደቡ። በመጨረሻ ጥግ ላይ ካፖርቱን ጥላበት ተከመረችበት። አውራ ጣቷ ሥር ነከሳት። አለቀቀችም። ጆንያ ውስጥ ከትታ ላዩ ላይ ተቀመጠችና ትንፋሿን ሰበሰበች።

ከዚያ ቀና ብላ ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን ቃጭል አየችው።

የጠፍር ማሰሪያ አበጀችለት። ጆንያውን በአንገቱ ልክ ቀድዳ ጭንቅላቱን አወጣች፤ ቃጭሉን አጥብቃ አሰረች። ደሟ በክንዷ እየወረደ ጆንያውን ተሸክማ ደኑ ጫፍ ላይ ፈታችው።

«ሂድ፤ አሁን ንገራቸው» አለችው።

ጆሮ ቆራጣው ወገኖቹ የተቀመጡበት ጽድ ላይ ተፈናጥሮ ወጣ። ቃጭሉ ጮኸ። ለአንድ አፍታ ደኑ ዝም አለ። ከዚያ አርባውም በአንድ ጊዜ ጮኸው ተበተኑ። እሱ ሲከተላቸው ቃጭሉ ይጮኻል፤ ቃጭሉ ሲጮኽ እነሱ ይሸሻሉ። ድምፁ በደኑ ውስጥ እየራቀ፣ ወደ ወንዙ እየወረደ ሄደ። ታንጉት እስኪጠፋ ቆማ ሰማችው። ከሁለት ዓመት ወዲህ የሳቀችው ያን ቀን ብቻ ነው።

የንክሻው ነገር ከተማ ሆስፒታል አመላለሳት። ክትባቱን ስትወጋ ባምላኩ አጠገቧ ቆሞ ነበር።

«እማ፣ ጦጣ ነክሶሽ እንኳ አትተይም?»

«እሱም አልተወም።»

መንጋው ከወንዙ ማዶ ቀረ። ጆሮ ቆራጣው ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ማሳደዱ ሰልችቶት ወደ ደብሩ ደን ብቻውን ተመለሰ። እሱ እዚያ እየጮኸ ሌሎቹ አይመጡም። በቆሎው ሳይነካ ማፍራት ጀመረ። ታንጉት ማማዋ ላይ ተኝታ ቃጭሉን ከሩቅ ትሰማለች፤ ሲጮኽ ዓይኗን ትጨፍናለች።

ከዕንቁጣጣሽ በኋላ የመጀመሪያው እሑድ ጠዋት ነው። የቂርቆስ ቅጥር ግቢ በሰው ሞልቷል። በቅዳሴ ሥርዓት መሥዋዕቱ ከቤተ ልሔም ወደ ቤተ መቅደስ ሲመጣ ዲያቆኑ ቃጭል እያሰማ ይቀድማል፤ ምእመኑ ቃጭሉን ሲሰማ ጎንበስ ይላል፣ ይሰግዳል። መሥዋዕቱ እስኪያልፍ ቀና አይባልም።

ቃጭሉ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሰገደ። ገደፋው ከፊት ነበር፤ ግንባሩን ድንጋይ ንጣፉ ላይ አስነካ። ቃጭሉ መጮኹን ቀጠለ። ቆየ። ከወትሮው ረዘመ። አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከላይ ሆነ። ሰው ሰግዶ ይጠብቃል። ቤተ ልሔም ውስጥ ያለው ዲያቆን ዘሚካኤል ደግሞ የራሱን ቃጭል በእጁ እንደያዘ፣ እሱ ያላሰማውን ቃጭል እየሰማ በሩ ላይ ደርቆ ቆሟል።

መጀመሪያ ቀና ያለችው አንዲት አሮጊት ናት። ዋንዛው ላይ አየች።

«ኧረ ጦጣ ነው!»

ጆሮ ቆራጣው ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ አንገቱን እያከከ ነበር። ሰው አንድ በአንድ ቀና አለ። የመጨረሻው ገደፋው ነው። ቀና ሲል ጦጣውና እሱ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

ከቅዳሴ በኋላ መንደሩ ሌላ ወሬ አላወራም። «አያ ገደፋው፣ የማን ታቦት ነው የተሳለሙት?» የሚለው ቀልድ እስከ ማንኩሳ ገበያ ደረሰ። ታንጉት ያን ቀን ቅዳሴ አልነበረችም። በቆሎ ስትጠብቅ ነበር። ቀልዱን ሰዎች እቤቷ ድረስ አመጡላት፤ አልሳቀችም። ምን እንደሚከተል ገብቷታል።

አባ ወልደ ዮሐንስ ዋንዛው ሥር አስጠሯት። ገደፋውም ነበር።

«ቃጭሉ የማነው?» አሉ አባ።

«የኔ ነው።»

«ለቂርቆስ የተሳልሽው አይደለም?»

«ጎታዬን ከሞላልኝ ነበር ያልኩት፣ አባ። አልሞላልኝም። ስለቱ አልሰመረም፤ ቃጭሉ የኔ ሆኖ ቀረ።»

«ከቂርቆስ ጋር ትሟገቻለሽ?»

«ከጦጣዎቹ ጋር ነው የምሟገተው። እነሱ የቂርቆስ ከሆኑ እኔ ምን ላድርግ?»

ገደፋው ቱግ አለ። «አባ፣ ይችን ሴት ይገዝቷት! ሕዝበ ክርስቲያኑን ለአውሬ አሰግዳለች!»

«ሌላው ሰው ቀና ብሎ ሲያይ እርስዎ ምን ሲያደርጉ ቆዩ?» አለችው ታንጉት።

አባ እጃቸውን አነሱ። ፍርዳቸው አጭር ነበር። ቃጭሉ እስከ መስቀል ከጦጣው አንገት ይውረድ። ታንጉትም ለንስሐዋ ከመስቀል ጀምሮ ስድስት እሑድ ሳትቀር ታስቀድስ።

«እሑድ በቆሎዬን ማን ይጠብቃል?»

«ቂርቆስ።»

«አምናም እሱ ነበር የጠበቀው» አለችና ተሳልማ ሄደች።

ጆሮ ቆራጣው ሁለተኛ ቤት አልገባም። ዳቦ አስቀመጠች፣ እንቁላል አስቀመጠች፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያያትና ይሄዳል። ከስቶ ነበር። ጠፍሩ አንገቱን ልጦታል። ሌሊት ሌሊት ወደ ወንዙ ወርዶ ወገኖቹን እንደሚፈልግ ታውቃለች፤ ቃጭሉ ከዚያ ይሰማልና። አላዘነችም። ቀን ቆጠረች እንጂ። መስቀል አራት ቀን ሲቀረው አጥሯ ሥር ሞቶ አገኘችው። አንገቱና ጎኑ ተቦጭቋል። ንክሻው የውሻ አልነበረም። ወገኖቹ ናቸው።

ቃጭሉን ፈትታ በአመድ አጠበችው። ሬሳውን ከማሳው ዳር፣ ከደኑ አፈር በዚህኛው በኩል ቀበረችው።

በሁለተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ መንጋው ወንዙን ተሻግሮ መጣ። ታንጉት ማማ ላይ ነበረች። ፊታቸውን ጥላሸት የተቀቡ የሚመስሉት ሁሉ በአንድ መስመር ከደኑ ሲወጡ አየች። ወንጭፍ ለማንሳት ትከሻዋ እምቢ አለ። እጇ ላይ ያለው ቃጭሉ ብቻ ነበር። ወዘወዘችው።

መስመሩ ቆመ። የፊተኛው ሁለት እግሩ ላይ ተነሳ። ደግማ ወዘወዘችው። አርባውም ዞረው እየጮኹ ደኑ ውስጥ ገቡ።

ታንጉት ቃጭሉን አየችው። ከዚያ በጠፍሩ ወገቧ ላይ አሰረችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አልፈታችውም። ስትራመድ ይጮኻል። ማሳውን በጠዋት ሁለቴ፣ ከሰዓት ሦስቴ ትዞራለች። እንጨት ስትለቅም ይጮኻል፤ ውሃ ስትቀዳ ይጮኻል። መንደሩ ታንጉት የት እንዳለች በየሰዓቱ ያውቃል። «ጆሮ ቆራጣው ተነሳ» ይሉ ነበር ሲሰሙት። ጎረቤቷ ያይኔአበባ ምንጭ ላይ አግኝታ ጠየቀቻት።

«እታለም፣ አያፍሩም?»

«ባለፈው ዓመት በባዶ ጎታ ሳለሁ አፍሬ ጨርሻለሁ።»

ባምላኩ በጥቅምት መጣ። አጥሩ ጋ ሳይደርስ ድምፁን ሰማው፤ የጠፋ ጥጃ ይሆናል ብሎ በቆሎው ውስጥ ገባ። እናቱ ነበረች።

«እማ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ቃጭል ነው። አይተህ አታውቅም?»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰው መጥቶ ይጠብቅልኝና የፈለገውን ይበል።»

ባምላኩ ሁለት ቀን ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ከተማ ሊመለስ ሲነሳ ስለ መሬቱ አላነሳም። ማማውን ግን አጠበቀላት።

ችግሩ እሑድ ነበር። ቃሏን አላጠፈችም። ጠዋት ጠዋት ቃጭሉን አፉ ውስጥ ጨርቅ ጎስጉሳ ወገቧ ላይ እንዳለ ቅዳሴ ትገባለች። ቤት ትታው እንዳትሄድ አላመነችም፤ ግቢ ውስጥ እንዳይጮኽ ደግሞ አባን ፈርታለች። ከሁሉ ወደ ኋላ ቆማ ታስቀድሳለች። ጦጣዎቹ ከመጀመሪያው እሑድ ጀምሮ ገባቸው፤ የደብሩን ነባር ቃጭል ደግሞ ድምፁን ለምደውት አይፈሩትም። ዲያቆን ዘሚካኤል ቃጭሉን ይዞ ከቤተ ልሔም ሲወጣ፣ ሰው ሲሰግድ፣ ከግንቡ ማዶ የበቆሎ አገዳ ሲሰበር ይሰማታል። ቀጭ። ቀጭ። ግንባሯን መሬት ላይ አድርጋ ትቆጥራለች። ስድስት እሑድ ቆጠረች።

በኅዳር በቆሎው ታጨደ፣ ተፈለፈለ። ታንጉት ጎታውን ብቻዋን ሞላችው። የመጨረሻውን ቁና ስትገለብጥ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች። ከዚያ መሬት ላይ የወደቁትን ፍሬዎች አንድ በአንድ ለቅማ ጨመረች። አልደረሰም።

ሦስቱ ሰዎች በሐምሌ እንደመጡት መጡ። ገደፋው አልተቀመጠም። በቀጥታ ጎታው ጋ ሄዶ በርጩማ ላይ ቆመና እጁን ከተተ። ስንዝሩን ዘርግቶ ለካ። ወርዶ እጁን አሳየ።

«አንድ ስንዝር። አፉ ድረስ ነበር የተባለው።»

ባምላኩ መሬት መሬት አየ። ታንጉት አልካደችም። ቁልፉን ከቀሚሷ ጫፍ ፈትታ እጇ ላይ ያዘችው፤ አልዘረጋችውም።

አባ ወልደ ዮሐንስ ጎታውን አላዩም። እሷን አዩ።

«ስንት እሑድ አስቀደስሽ?»

«ስድስት፣ አባ። እርስዎ ባዘዙኝ።»

«ቃጭሉስ?»

«አፉ ታስሮ።»

«በነዚያ ስድስት እሑዶች ጦጣ ገባብሽ?»

«ገባ፤ በሌላ ቀን ግን አልገባም።»

አባ ወደ ገደፋው ዞሩ። «እንግዲህ ስንዝሯ የዚያ ናት። በኔ ትእዛዝ፣ በቅዳሴ ሰዓት የተበላ ነው።»

«አባ፣ የበላው ጦጣ እኮ ነው!»

«ጦጣው የማነው?»

ገደፋው ለሠላሳ ዓመት የቂርቆስ ነው ሲል የኖረ ሰው ነው።

«ቂርቆስ ድርሻውን በልቷል፤ አስራት በሉት» አሉ አባ። «ቂርቆስ የበላውን ጎደለ ብሎ የሚከስ ክርስቲያን እኔ ደብር ውስጥ የለም። ጎታው ሞልቷል።»

ታንጉት ቁልፉን መልሳ ቀሚሷ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ቋጠሮውን ሁለቴ አጠበቀችው። ገደፋው በሩን ሲያልፍ ጉበኑ መታው፤ ማንም አልሳቀም። ባምላኩ ተከትሎት ወጣ።

አባ ግን አልተነሱም።

«ምን ቀረ?» አለች።

«ጎታው ከሞላ ስለቱ ሰምሯል» አሉና እጃቸውን ወደ ወገቧ ዘረጉ።

«ስለቱ የአምና ነው!»

«ስለት ዓመት አይቆጥርም፣ ልጄ።»

«ለከርሞ በምን ልጠብቅ?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ካልሰጠሽኝ ግን ስለቱ አልሰመረም ማለት ነው። ስለቱ ካልሰመረ ጎታው አልሞላም። ገደፋው ገና ከአጥሩ አልወጣም፤ ልጥራው?»

ታንጉት ረዘም አድርጋ አየቻቸው። የነፍስ አባቷ ናቸው፤ የምታስበውን ስድብ ለሌላ ካህን መናዘዝ ይኖርባታል። ጠፍሩን ፈታች። ቃጭሉ ጎኑ ላይ የጥርስ ጭረት ነበረበት።

በሚቀጥለው እሑድ ዲያቆን ዘሚካኤል አዲሱን፣ የታንጉትን ቃጭል ይዞ ከቤተ ልሔም ወጣ። ገና አንዴ እንዳሰማው ዋንዛው፣ ጽዱና ወይራው በአንድ ጊዜ ተናወጡ። አርባ ጦጣ በሰው ራስ ላይ እየዘለለ፣ ቅጠልና ኩስ እያዘነበ፣ ግንቡን ተሻግሮ ሸሸ። ሕዝቡ ሰግዶ ነበር። ገደፋው ብቻ አልሰገደም። ዛሬስ አልታለልም ብሎ ቀድሞ ወደ ዛፉ አንጋጦ ነበርና፣ መሥዋዕቱ አጠገቡ ሲያልፍ አገጩን ወደ ሰማይ አንስቶ ቆሞ ተገኘ።

ታንጉት ሰግዳለች። አንድ ዓይኗ ግን ጦጣዎቹ በየት በኩል እንደሮጡ ያያል። በገደፋው ጓሮ በኩል ነበር።

ማክሰኞ ፍኖተ ሰላም ወርዳ ከዚያው ሱቅ ሁለት ቃጭል ይዛ ተመለሰች። ዲያቆን ዘሚካኤል መንገድ ላይ አገኛት።

«እማማ፣ ደግሞ ስለት?»

«ስለት አበቃ። የኔ ናቸው።»

«ሁለቱም?»

«አንዱ ለኔ» አለች ሳትቆም፤ «አንዱ ለሚነክሰኝ።»